አበዳሪው ለምን ይሸሻል?

ይህን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ከመነሻው ልናገር። ባለፈው ወር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ሰባት ስምንት ሰው ቀድሞኝ የቆመ የቆየ የሥራ ባልደረባዬን አየሁና ሰልፌን ትቼ በአቅራቢያው ወዳለ ሱቅ ገባሁ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. አከራዩ የሦስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ክፈል ብሎት ሲጨነቅ 15,000 ብር አበድሬው ነበር። በሁለት ወር ሊመልስ ተነጋግረን፣ ሁለቱ ወር ዓመት፣ ዓመቱም ዓመታት ሆኖ እስከዚያ ቀን ድረስ አንዳችንም ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ ሳንል ቆይተናል። ዕዳ ያለበት እሱ ሆኖ ሳለ የተደበቅኩት ግን እኔ ነኝ። የማልፈልገውን ሳሙና ገዝቼ ስወጣ እሱ ሄዷል፤ ሰልፉ ደግሞ ከቅድሙ ረዝሞ ጠበቀኝ።

በመድረኩ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ገንዘቤን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ መልእክት ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ እንደሰረዝኩት፣ ሰውየው በመካከሉ አዲስ ፍሪጅ እንደገዛና የልጁን ክርስትና አዳራሽ ተከራይቶ እንደደገሰ ጨምሬ ጠቀስኩ። ይህን የመጨረሻውን ነገር እንደ ተራ ማብራሪያ ነበር የጣልኩት፤ ኋላ ምን እንዳመጣብኝ በቦታው እገልጻለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ሰው የገዛ ገንዘቡን ለመጠየቅ ለምን ያፍራል? የእኔን ጨምሮ 31 መልሶች ተጻፉበት፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጥቂት ቃል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ ውይይት የሚወጣቸው ናቸው።

1ኛው መልስ ሰጪ ከሰላምታና ከምስጋና በኋላ ነገሩን ሁሉ በይሉኝታ አሰረው። ቃሉ ራሱ ሰዎች እንዲህ ይሉኛል ከሚለው ስጋት የተወለደ መሆኑን አስታውሶ፣ ለራሳችን ከመጠየቃችን በፊት የሚያዩንን ዓይኖች መቁጠር ተምረን እንዳደግን በትሕትና አስረዳ። እኔም አመሰገንኩት። ይሁን እንጂ ይሉኝታ የሚለው ቃል በእኛ ወግ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ መዝጊያ ነው የሚያገለግለው፤ አንዴ ከተጠራ በኋላ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል።

2ኛዋ ግን አላለፈችም። ይሉኝታ ተመልካች እንደሚፈልግ፣ በዚያ ሰልፍ ላይ ደግሞ ከእኔና ከእሱ በቀር ስለ 15,000 ብሩ የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ፣ ሰው ቢያውቅ እንኳ የሚታማው እሱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ አመለከተች። ስለዚህ የፈራሁት የሰውን አፍ አይደለም ማለት ነው። ምን እንደፈራሁ ግን ሳትናገር ወጣች። በ3ኛው ቁጥር ታዲያ ምን ፈራሁ ብዬ ጠየቅኳት፤ ለብዙ ጊዜ አልተመለሰችም።

በዚህ መካከል በቁጥር 4 የገባው ባለሱቅ የጥያቄዬን መነሻ ራሱን አረመው። በሰፈሩ ለብዙ ዓመት በዱቤ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ዱቤ የተጠራቀመበት ደንበኛ መንገዱን አቋርጦ በማዶ በኩል መሄድ ይጀምራል፤ ዘይቱንና ስኳሩንም ራቅ ካለ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። እንዲህ ሆኖ ባለሱቁ ብሩንም ገዢውንም ባንድ ላይ ያጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያላሰብኩት ግን ቀጥሎ የጻፈው ነው፤ ያ ደንበኛ የሌላ ሱቅ ፌስታል አንጠልጥሎ በማዶ ሲያልፍ ባለሱቁ ራሱ ዓይኑን ሰብሮ የሚዛኑን ሰሃን መጥረግ ይጀምራል። ስለዚህ የሚሸሹት ሁለቱም ናቸው፤ ተበዳሪው በእግሩ፣ አበዳሪው በዓይኑ። ይህን እርማት ያለ ክርክር ተቀብያለሁ።

5ኛው ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚለውን ተረት ብቻ ጽፎ ሄደ። 6ኛውም ያንኑ ተረት ጻፈ፤ ከላዩ ያለውን እንዳላነበበ ግልጽ ነው።

ከ7 እስከ 11 ያሉት መልሶች ወደ ሕግ ወሰዱን። 7ኛው የሕግ ባለሙያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው በፍርድ ቤት በሚሰጠው ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ እንደማይችል መደንገጉን ገለጸ። በቃል አበድሬ ምስክር እጠራለሁ ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው ማለት ነው። 8ኛው ገንዘቡ በባንክ ከተላለፈ ደረሰኙ አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ባለሙያውም በቁጥር 9 ደረሰኙ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ እንደማይናገር መለሰለት፤ በተረፈ 500 ብር ያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ እንደነበረና ዛሬ ግን ለሁለት ሰው ክትፎ እንደማይበቃ በቀልድ አከለ። 10ኛው በዚህ ተቆጣ። ለ15,000 ብር ጓደኛውን የሚከስ ሰው መጀመሪያውኑ ጓደኛ እንዳልነበረ፣ ወረቀት ፈርም ማለትም በሰው ፊት ላይ እንደመትፋት መሆኑን ጻፈ። 11ኛው መልስ እንደገና የሕግ ባለሙያው ነው። ወረቀቱ የሚጻፈው ለዳኛ ሳይሆን ለማስታወስ መሆኑን፣ ባልንጀሮች የሚጣሉትም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ካደ ተብሎ ሳይሆን ሁለቱ የተለያየ ቁጥርና የተለያየ ቀን ስለሚያስታውሱ መሆኑን አስረዳ። በሥራው ብዙ አይቶ የተናገረው ይመስላል።

12ኛው ይህን ነጥብ ተቀብሎ ከሃይማኖቱ አጠናከረው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ፣ ስለ ሌላ ሳይሆን ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገር ነው፤ ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው ለመጻፍ አትሰልቹ ይላል። ከዚያው ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪደላው ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ታዟል። እሱ ባደገበት ሰፈር በጀናዛ ላይ የሟቹ ቤተሰብ ተነሥቶ ሟቹ ላይ ዕዳ ያለው ሰው ካለ ይንገረን ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ በዚያ ሰዓት እጁን የሚያወጣ ሰው ገብጋባ ተብሎ አይታማም፤ እንዲያውም ሟቹን ከሸክም እንዳሳረፈ ይቆጠራል። 13ኛው፣ በጽሑፋቸው አረጋዊ የሚመስሉ አባት፣ በእነሱም ወገን ሽማግሌ ሊሞት ሲል በነፍስ አባቱ ፊት ሲናዘዝ ያለበትንና ያለውን ዕዳ አንድ በአንድ ያስቆጥር እንደነበረ ጨመሩ። ሁለቱም እጅግ ጨዋ መልሶች ነበሩ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለቱም ዕዳን ያለ ኀፍረት ለመናገር ሞት እስኪመጣ መጠበቃቸው ነው፤ ይህን በጻፍኩላቸው ጊዜ አባታችን በሳቅ ምልክት ብቻ መለሱልኝ።

በቁጥር 14 የጻፈችው እህት ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ናት። ለእሷ አበድሪኝ የሚለው ቃል ስጪኝ ለማለት የሚያፍር ሰው የሚጠቀምበት ጨዋ ስም ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለወንድም፣ ለአክስት ልጅ፣ ለጎረቤት የላከችውን ሁሉ በደብተር ስትመዘግብ ቆይታ፣ ደብተሩ ወደ አገር ቤት ስትደውል ድምፅዋን እያሻከረባት መሆኑን ስታውቅ ቀዳድዳ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን ከመላኳ በፊት ለራሷ ትወስናለች፤ ስጦታ ነው ካለች ትረሳዋለች፣ ብድር ነው ካለች የሚመለስበትን ቀን ቀድማ ትናገራለች። ቀኑን ስትናገር ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ስልኩን ቶሎ እንደሚዘጉ መዝግባለች፤ ይህ ብቻ ብዙ ገንዘብ አትርፎላታል።

15ኛው ሒሳብ አወጣልኝ። ያበደርኩት 15,000 ብር በጥቅምት 2015 በባንክ ምንዛሪ 280 ዶላር ግድም ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ስላለፈ፣ ያው 15,000 ብር ዛሬ 150 ዶላር አይሞላም። ቢመለስልኝም ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው። 16ኛው በዶላር እየመነዘረ የሚያበድር ጓደኛ ከመያዝ ብቻ መኖር ይሻላል ብሎ ወረደበት። ከሁለቱ የትኛው እንደተሳሳተ መፍረድ ይከብደኛል። ሒሳቡ እውነት ነው፤ የሚያስጠላ እውነት ነው። ተበዳሪው ዝም ባለ ቁጥር ገንዘቡ እየቀለለ፣ ነገሩ ግን እየከበደ ሄዷል።

17ኛዋ ውይይቱን ወደ ጎን ሳበችው። ሰዎች ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጃንጥላ፣ መጽሐፍና ትልቅ ድስትም እንደማይመልሱ ጠቅሳ፣ ለድግስ የሰጠችው የወጥ ድስት በሦስተኛ ቤት ውስጥ መገኘቱን በብዙ ምሬት ተረከች። ስለ ድስቷ ጥቂት የማጽናኛ ቃላት ከመጡ በኋላ 18ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። አማርኛ ራሱ ሁለቱን እንደማይቀላቅል አስተማረ፤ ዕቃው ራሱ የሚመለስ ከሆነ መዋስ ነው፣ ምትኩ የሚመለስ ከሆነ ግን መበደር ነው። ድስት ይዋሷል፤ ብር፣ ዱቄትና እንጀራ ይበደሯል። እናቱ እንግዳ ሲመጣባት ከጎረቤት አምስት እንጀራ ተበድራ በጋገረች ማግስት ትኩሱን ስትመልስ፣ ማንም ማንንም አይሸሽም ነበር፤ አበዳሪዋም መቼ ትጋግሪያለሽ ብላ በግልጽ ትጠይቅ ነበር። በገጠርም የወንፈል ሥራ እንዲሁ ነው፤ ዛሬ እርሻዬን ያረሰልኝ ሰው ተራዬ ሲደርስ ካልተገኘሁ በአደባባይ ይጠይቀኛል እንጂ አያፍርም። ስለዚህ መጠየቅ በራሱ ነውር ሆኖ አልኖረም፤ ነውር የሆነው ገንዘብን መጠየቅ ነው። ይኸው ሰው ብድር የሚለው ቃል በቀልንም እንደሚያመለክት፣ የተበደለ ሰው ብድሩን መለሰ እንደሚባል አስታውሶ፣ የተዋለለትን ውለታ የሚከፍልና ጠላቱን የሚበቀል ሰው በአንድ ግሥ መጠራታቸው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ጠረጠረ።

ከሁሉም ረጅሙና እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን 19ኛው ነው። ጸሐፊዋ በመሥሪያ ቤቷ የሳምንት እቁብ ትጥላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ 3,000 ብር ያልመለሰላት ባልደረባ የዚያው እቁብ አባል ነው፤ አንድም አርብ ሳያስተጓጉል የድርሻውን ይከፍላል፣ ዕጣም ሲወጣለት ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። ለምን ለእቁቡ ታማኝ፣ ለእሷ ግን ከሃዲ ሆነ? የእሷ መልስ፣ በእቁብ ውስጥ ጠያቂው ሰው ሳይሆን ሹመት ነው የሚል ነው። የእቁቡ ጸሐፊ ክፈል ሲል ማንም ስስታም አይለውም፤ ደብተሩ ነው የሚጠይቀው። በጓደኝነት ውስጥ ግን ደብተር የለም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የጠየቀ ሰው ደብተሩን በልቡ ይዞ መኖሩን ያጋልጣል። እሷም ይህን ተረድታ የእቁቡን ጸሐፊ ለመነችው፤ እሱም ከባልደረባዋ ዕጣ ላይ 3,000 ብሩን በስምምነት ቀንሶ ሰጣት። ብሯን አገኘች፤ ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሲጠጡ ከእሷ ጠረጴዛ አይቀመጥም።

20ኛው በታሪክ ደገፋት። በጥንቱ ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪ ነገራቸው እስኪያልቅ ድረስ ቁራኛ ይሆኑ ነበር፤ በሰንሰለት እጅ ለእጅ፣ ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ ቃሉን የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛው የአልጋ ቁራኛ ሆነ ሲባል ነው። መልስ ሰጪው ትኩረታችንን የሳበው ግን ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ስላለው አበዳሪውም አብሮ መታሰሩ ላይ ነው። ሳነበው ሱቁና ሳሙናው ትዝ አሉኝ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ በጥቅሉ መልካም ነበር። 21ኛው ግን በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ተበዳሪው ፍሪጅ ገዛ፣ አዳራሽ ተከራየ ብሎ የጻፈ ሰው አንዲት ብር እንኳ እንዳልረሳ፣ የሰውን ጓዳ እንደ ዘበኛ ሲጠብቅ እንደኖረ፣ ጓደኛዬም ይህን ዓይን ከቆየ በፊት እንዳወቀው በማያሻማ ቃል ተናገረ። ፍሪጁን በዓይኔ አይቼው ነው ወይስ ሰምቼ ብሎም ጠየቀ። 22ኛው ሌላ ሰው ሊቆጥርለት ነው ወይ ብሎ ተከላከለልኝ። 23ኛው ደግሞ 21ኛው ራሱ ዕዳ ያለበት ሰው መሆን አለበት ብሎ ሰደበው። በ24ኛው ቁጥር የመድረኩ አስተናባሪ ሁሉም በጨዋነት እንዲናገር አሳሰበ።

በቁጥር 25 እውነቱን ጻፍኩ። ፍሪጁን ያየሁት በክርስትናው ማግስት፣ ቤቱ ተጠርቼ ሚስቱ ያቀረበችልኝን ዶሮ ወጥ እየበላሁ ነው። ባለ ሁለት በር ነበር። ጉርሻ እየተቀበልኩ ዋጋውን በልቤ ገምቻለሁ፣ 15,000 ብሬንም ከዋጋው ላይ ቀንሼ ስንት እንደሚተርፍ አስቤያለሁ። ይህን ስጽፍ ማንም ባያውቀኝም ፊቴ ጋለ። ጓደኛዬን በሰልፉ ላይ ሳየው የሸሸሁት ገንዘቤን እንዳይከለክለኝ ፈርቼ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቆጥር መኖሬን ከፊቴ ላይ እንዳያነብ ነው።

ያን ጊዜ 2ኛዋ በቁጥር 26 ተመለሰች። አልፈረደችብኝም፤ ለሕፃኑ ክርስትና ምን ሰጥተህ ነበር ብላ ብቻ ጠየቀች። በፖስታ 1,000 ብር ሰጥቼ ነበር። የራሴን ገንዘብ መጠየቅ አቅቶኝ በላዩ ላይ ሌላ መጨመሬን እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋልኩትም።

ከ27 እስከ 29 ያሉት ሦስት ሰዎች ተግባራዊ ሆኑና መልእክቱን አዘጋጁልኝ። ሦስቱም ረቂቆች የሚጀምሩት በችግር ነበር፤ በአንዱ እናቴ ታማለች፣ በሌላው የልጅ ምዝገባ ደርሶብኛል፣ በሦስተኛው አከራዬ አስጨንቆኛል። እኔ ራሴ የሰረዝኳቸው መልእክቶችም ቸግሮኝ ነው በሚል ቃል የተጀመሩ ነበሩ። የገዛ ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው ለማኝ መስሎ ካልቀረበ የሚያምርበት አይመስለውም። 28ኛው መልስ ሰጪ በጤነኛ እናት ላይ በሽታ ማውራት ሟርት ነው ብሎ 27ኛውን በመገሠጹ ስለዚሁ ትንሽ ተጨቃጨቁ።

በ30ኛው ቁጥር የሆነውን ነገርኳቸው። ያለ ችግርና ያለ በሽታ፣ የጥቅምት 2015ቱን ብር አንስቼ አሁን ሊመችህ ይችላል ወይ ብዬ በሁለት መስመር ላክሁለት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብሩን በእጄ አልያዝኩም የሚለው የቀድሞ ሰበብ ስለማይሠራ፣ መልሱ ወይ ገንዘብ ወይ ዝምታ እንደሚሆን ገምቼ ነበር። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 7,500 ብር ገባልኝ፤ ከቁጥሩ በቀር አንድም ቃል አልነበረበትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለልኝና ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቀኝ፣ ስለ ልጁ ጥርስ ማብቀል ነገረኝ፣ አለቃችን የነበሩትን ሰውዬ አንሥተን ሳቅን። ስለ ብሩ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

31ኛው፣ አስቀድሞ ምንም ያልጻፈ አዲስ ሰው፣ የቀረውን 7,500 ብር መቼ እንደምጠይቀው ማወቅ ይፈልጋል። እስካሁን አልመለስኩለትም።